የጃቫስክሪፕት ፍሬምዎርክ ቱቶሪያሎች

የጃቫስክሪፕት ፍሬምዎርክ ቱቶሪያል ማለት ሪአክት፣ ቪው፣ አንጉላር፣ ስቬልትና የመሳሰሉትን የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፎች ደረጃ በደረጃ የሚያስተምር የኢንተርኔት ትምህርት ነው። በጽሑፍ፣ በቪዲዮ ወይም በብራውዘር ውስጥ በሚሠራ ልምምድ መልክ ይቀርባል፤ ብዙው በነጻ የሚገኝ ነው። ቱቶሪያል ፈልጎ ማግኘት ከባድ አይደለም። ከባዱ ነገር የተገኘው ቱቶሪያል ለየትኛው ቨርዥን እንደተዘጋጀ አስቀድሞ ማወቅ ነው። እንደ ሀዋሳ ባሉ ከተሞች የሞባይል ዳታ እየገዛ ለሚማር ተማሪ ይህን አለማወቅ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ያስከፍላል።

ፍሬምዎርክ ምንድን ነው

ጃቫስክሪፕት እ.ኤ.አ. በ1995 ኔትስኬፕ በተባለው ኩባንያ ይሠራ በነበረው ብሬንዳን አይክ የተፈጠረ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ በ10 ቀናት ውስጥ እንደተሠራ ይነገራል። ስሙ ጃቫን ቢመስልም ከጃቫ ጋር ዝምድና የለውም፤ ይህ መመሳሰል ዛሬም ድረስ አንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ያደናግራል። በጃቫስክሪፕት ብቻ ሙሉ ድረ ገጽ መሥራት ይቻላል። ሆኖም ገጹ እየሰፋ ሲሄድ የትኛው ቁልፍ ሲነካ የትኛው የገጹ ክፍል መለወጥ እንዳለበት መከታተል አድካሚ ይሆናል። ፍሬምዎርክ ይህን ሥራ በተወሰነ ሥርዓት ያከናውናል። ፕሮግራመሩ ገጹን ኮምፖነንት በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ይከፋፍለዋል፣ የመረጃውን ሁኔታ ይገልጻል፤ መረጃው ሲለወጥ ገጹን የማደሱን ሥራ ፍሬምዎርኩ ይወስዳል።

ሪአክት ራሱን ፍሬምዎርክ ሳይሆን ላይብረሪ ብሎ ይጠራል። ልዩነቱ ለጀማሪ ይህን ያህል አያስጨንቅም፤ ቱቶሪያሎቹም በአንድ ስም ይጠሯቸዋል።

ቱቶሪያል ለምን ያረጃል

የሒሳብ መማሪያ መጽሐፍ ከሃያ ዓመት በኋላም ያገለግላል። የፍሬምዎርክ ቱቶሪያል ግን በሁለትና ሦስት ዓመት ውስጥ ሊሰበር ይችላል። ምክንያቱን ለመረዳት የፍሬምዎርኮቹን ታሪክ በአጭሩ ማየት ይጠቅማል።

ጉግል አንጉላርጄኤስ የተባለውን ፍሬምዎርክ እ.ኤ.አ. በ2010 ለሕዝብ አቀረበ። በ2016 ደግሞ «አንጉላር» በሚል አጭር ስም ከመሠረቱ እንደገና የተጻፈ፣ ታይፕስክሪፕት የተባለውን ቋንቋ የሚጠቀም አዲስ ፍሬምዎርክ አወጣ። ሁለቱ በስም ቢቀራረቡም የአንዱ ኮድ በሌላው ላይ አይሠራም። ለአሮጌው የሚሰጠው ድጋፍ በ2021 መጨረሻ ላይ ቢቋረጥም ስለ እሱ የተጻፉት ትምህርቶች ግን ከኢንተርኔት አልጠፉም። «አንጉላር» ብሎ የሚፈልግ ጀማሪ ሁለቱንም ጎን ለጎን ሊያገኛቸው ይችላል።

ፌስቡክ ሪአክትን በክፍት ምንጭነት ያወጣው በ2013 ነው። እስከ 2019 ድረስ ሁኔታን የሚይዙ ኮምፖነንቶች የሚጻፉት በክላስ ነበር። በዚያ ዓመት በየካቲት ወር የወጣው 16.8 ቨርዥን ሁክ የተባለውን አሠራር አመጣ፤ አጻጻፉም ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ወደ ፈንክሽን ዞረ። በ2022 የወጣው 18ኛ ቨርዥን መተግበሪያው በገጹ ላይ የሚጀመርበትን መንገድ ቀየረ። በ2024 መጨረሻ የወጣው 19ኛ ቨርዥን ደግሞ የቀድሞውን መንገድ ጨርሶ አስወገደው። በዚህም ምክንያት የ2018 ቱቶሪያል ተከትሎ ዛሬ የመጨረሻውን ሪአክት የሚጭን ተማሪ፣ አንድም የፊደል ስህተት ሳይሠራ፣ ገና በመጀመሪያው ፋይል ላይ ስህተት ሊያጋጥመው ይችላል።

ኢቫን ዩ የተባለው ፕሮግራመር በ2014 ያወጣው ቪውም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ሦስተኛው ቨርዥን በ2020 ሲወጣ ኮምፖነንት የሚጻፍበት ሁለተኛ ስልት ታከለ። የሁለተኛው ቨርዥን ድጋፍ ያበቃው በ2023 መጨረሻ ነው። በሪች ሃሪስ የተጀመረው ስቬልትም በ2024 በወጣው 5ኛ ቨርዥን አጻጻፉን ለውጧል።

ለውጡ በፍሬምዎርኩ ላይ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ክሪኤት ሪአክት አፕ የተባለው መጀመሪያ መሣሪያ ለብዙ ዓመታት የማንኛውም የሪአክት ትምህርት የመጀመሪያ እርምጃ ነበር፤ በ2025 መጀመሪያ ላይ ለአዲስ ፕሮጀክት እንዳይመረጥ በይፋ ተገለጸ። አሁን ብዙዎቹ አዳዲስ ትምህርቶች ቪት በተባለው መሣሪያ ይጀምራሉ። በሪአክት ገጾችን ለማያያዝ የሚያገለግለው ሪአክት ራውተር በ2021 መጨረሻ 6ኛ ቨርዥኑን ሲያወጣ «ስዊች» የተባለውን ኮምፖነንት አስወግዶ በ«ራውትስ» ተካው። ይህች አንዲት ቃል ብቻ ስንቱን ተማሪ ሌሊት እንዳስነጋች መገመት ይቻላል።

ዋና ዋና ምንጮች

የመጀመሪያው ምንጭ የፍሬምዎርኩ ይፋዊ መመሪያ ነው። ብዙ ጀማሪዎች መመሪያ የሚባለው ለባለሙያ ብቻ የተጻፈ ስለሚመስላቸው ዘለውት ወደ ዩቲዩብ ይሄዳሉ። ይህ ቀድሞ በከፊል እውነት ነበር፤ አሁን ግን አይደለም። ሪአክት በ2023 በአዲስ መልክ ባወጣው መመሪያ ተማሪው የቲክ ታክ ቶ ጨዋታ እየሠራ ይማራል፣ ኮዱንም እዚያው ገጹ ላይ መለወጥ ይችላል። የቪው፣ የስቬልትና የአንጉላር ይፋዊ ገጾችም ምንም ነገር ሳይጫን በብራውዘር የሚሠሩ ትምህርቶች አሏቸው። ይፋዊ መመሪያ ሌላም ጥቅም አለው፤ ቨርዥኑ ሲቀየር አብሮ ይታደሳል።

ከፍሬምዎርክ በፊት መምጣት ላለበት ለጃቫስክሪፕት ራሱ በሞዚላ የተጀመረው ኤምዲኤን እና ኢሊያ ካንተር ያዘጋጀው ጃቫስክሪፕት ኢንፎ አስተማማኝ ናቸው። በ1998 በኖርዌይ የተጀመረው ደብልዩስሪስኩልስ አጫጭር ምሳሌዎችን ስለሚያቀርብ በኢትዮጵያ ተማሪዎች ዘንድ እጅግ የታወቀ ነው፤ ለማስታወሻ ያህል ምቹ ቢሆንም ጥልቀቱ ውስን ነው። ኩዊንሲ ላርሰን በ2014 የጀመረው ፍሪኮድካምፕ የምስክር ወረቀትም ጭምር በነጻ ይሰጣል። ኦዲን ፕሮጀክት አብዛኛው በንባብ የሚካሄድ ሲሆን ተማሪው ራሱ ፈልጎ እንዲያገኝ ያስገድዳል፤ ትዕግሥት ለሌለው አይመችም። የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ «ፉል ስታክ ኦፕን» ሪአክትንና ኖድ ጄኤስን በነጻ ያስተምራል። ዋናው ትምህርት በጽሑፍ መሆኑ ደግሞ ዳታ ለሚቆጥብ ሰው ትልቅ ጥቅም ነው።

የአሳቤነህ የታየህ «30 ቀናት»

ከኢትዮጵያውያን ሥራዎች መካከል በዓለም ዙሪያ በሰፊው የታወቀው፣ ነዋሪነቱን በፊንላንድ ያደረገው አሳቤነህ የታየህ በጊትሀብ ላይ በነጻ ያቀረባቸው ተከታታይ ትምህርቶች ናቸው። «30 ቀናት ጃቫስክሪፕት» የተባለው ሥራ ከቫሪያብልና ከዳታ ዓይነቶች ተነሥቶ፣ በፈንክሽን፣ በክላስና በፕሮሚስ አልፎ፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት የዓለም አገሮችን መረጃ በሥዕል ወደማሳየት ይደርሳል። በየቀኑ መጨረሻ ላይ በሦስት ደረጃ የተከፈሉ ልምምዶች አሉ። በተለያዩ አገሮች ያሉ ፈቃደኞችም ወደ ብዙ ቋንቋዎች ተርጉመውታል። በልምምዶቹ ውስጥ ተደጋግሞ በሚመጣው የአገሮች ዝርዝር ላይ ኢትዮጵያ ከዴንማርክ ቀጥላ፣ ከፊንላንድ ቀድማ ተቀምጣለች። ዝርዝሩ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ የተሠራ ስለሆነ ነው፤ ቢሆንም ለአገሬው አንባቢ ፈገግ ያሰኛል።

«30 ቀናት ሪአክት» የሚለው ሁለተኛው ሥራ ከላይ ስለ ማርጀት የተነገረውን በግልጽ ያሳያል። ትምህርቱ ፕሮጀክት የሚከፍተው በክሪኤት ሪአክት አፕ ሲሆን ክላስ ኮምፖነንትን ከሁክ በፊት ያስተምራል፤ በተዘጋጀበት ጊዜ ይህ የተለመደ ቅደም ተከተል ነበር። ስለ ኮምፖነንት፣ ስለ ፕሮፕስና ስለ ስቴት የሚያስረዱት ክፍሎች ዛሬም ይጠቅማሉ። ፕሮጀክት የመክፈቻውን ክፍል ግን በይፋዊ መመሪያው ተክቶ ማንበብ፣ የክላሱንም ክፍል አሮጌ ኮድ ለመረዳት ያህል ማየት ይበቃል። አንድ ጥሩ ቱቶሪያል ሲያረጅ ሁሉም ክፍሉ እኩል አያረጅም።

በሀዋሳ

የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ የሆነችው ሀዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪ.ሜ. ገደማ ላይ ትገኛለች። ቀድሞ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ይባል የነበረው ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስና ተዛማጅ የትምህርት መስኮችን ያስተምራል። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠው የዌብ ፕሮግራሚንግ ኮርስ ብዙውን ጊዜ ኤችቲኤምኤልን፣ ሲኤስኤስን፣ መሠረታዊ ጃቫስክሪፕትንና ፒኤችፒን ይሸፍናል። ፍሬምዎርክ የሚመጣው ተማሪው የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ሲጀምር ወይም የሥራ ማስታወቂያ ሲያነብ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና ስላለ፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ፍሬምዎርክ የሚማርበትን ሰዓት ከፈተና ዝግጅቱ ላይ ቀንሶ ያመጣል።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የኢትዮጵያ ትምህርትና ምርምር ኔትዎርክ በተባለው መረብ ይገናኛሉ። ከግቢ ውጭ ግን ተማሪው የሚተማመነው በሞባይል ዳታ ወይም በካፌ ዋይፋይ ነው። እዚህ ላይ ቀላል ስሌት ይጠቅማል። በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት የሚወስድ ቪዲዮ በአንድ ሰዓት 675 ሜጋባይት ይፈጃል፤ የ10 ሰዓት ኮርስ ማለት 6.75 ጊጋባይት ነው። ኮርሱ ታይቶ ካለቀ በኋላ ለአሮጌ ቨርዥን የተዘጋጀ መሆኑ ቢታወቅ ያ ሁሉ ዳታ አይመለስም። ተመሳሳይ ይዘት ያለው የጽሑፍ ትምህርት ከዚህ እጅግ ያነሰ መጠን ይወስዳል።

የኢንተርኔት መቋረጥም የጉዳዩ አካል ነው። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ከሲዳማ የክልልነት ጥያቄ ጋር በተያያዘ በነበረው ሁከት ወቅት በሀዋሳ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ የድምፃዊ ሀጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተዘጋ። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለአምስት ወራት ገደማ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክን ጨምሮ የማኅበራዊ ትስስር መድረኮች ታግደው ቆይተዋል። የትምህርት ፋይሎች በአመዛኙ በቴሌግራም በሚተላለፉበት አገር፣ ቴሌግራም ሲዘጋ የሚዘጋው ወሬ ብቻ አይደለም።

የቋንቋ ጉዳይ ሌላው ነው። የሀዋሳ ተማሪ በቤቱ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ አማርኛ ወይም ሌላ ቋንቋ ሊናገር ይችላል፤ በክፍል የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ የሚያስተምሩ የዩቲዩብ ቻናሎች እየበዙ መጥተዋል፣ ለመጀመሪያው ወር ትልቅ እገዛ ያደርጋሉ። ነገር ግን ብዙዎቹ ከጃቫስክሪፕት መግቢያ ወይም ከሪአክት መጀመሪያ አይዘልቁም። ስህተት ሲፈጠር ኮምፒውተሩ የሚያወጣው መልእክትም በእንግሊዝኛ ስለሆነ መልእክቱን ማንበብ መልመድ አይቀሬ ነው። የሚሻለው መንገድ ሐሳቡን በአማርኛ መረዳት፣ ቃላቱን ግን እንዳሉ መያዝ ነው። «ስቴት»ን «ሁኔታ» ብሎ የተማረ ሰው በኋላ መመሪያው ላይ ሲያየው ላይለየው ይችላል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው «5 ሚሊዮን ኮደሮች» መርሐ ግብር ለኢትዮጵያውያን በነጻ የሚሰጥ የኢንተርኔት ሥልጠና ነው። የፕሮግራሚንግ መሠረቶችን፣ የዳታ ትንተናንና የአንድሮይድ ልማትን የመሳሰሉ ኮርሶች አሉት። የመግቢያ ደረጃ በመሆኑ ለፍሬምዎርክ ትምህርት ምትክ ሳይሆን መሠረት ሆኖ ያገለግላል።

ያለ ኢንተርኔት መማር

ዴቭዶክስ የተባለው ነጻ አገልግሎት የጃቫስክሪፕትን፣ የሪአክትን፣ የቪውንና የሌሎች ብዙ ቋንቋዎችንና ፍሬምዎርኮችን መመሪያ አንድ ጊዜ ወደ ብራውዘሩ አውርዶ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። ኪዊክስ በተባለው መተግበሪያ ደግሞ ውክፔዲያንና የስታክ ኦቨርፍሎው ጥያቄዎችን የመሳሰሉ ይዘቶች በፋይል መልክ ይወርዳሉ፤ ፋይሉ በፍላሽ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ይገለበጣል። የ«30 ቀናት» ትምህርቶችም ከጊትሀብ ላይ በአንድ ዚፕ ፋይል ይወርዳሉ።

ብዙ ጀማሪ የማያስበው የዳታ ወጪ የፓኬጆች ነው። ፍሬምዎርክ ሲጫን ኤንፒኤም የተባለው መሣሪያ ከኢንተርኔት ተጨማሪ ፓኬጆችን ያወርዳል። ክሪኤት ሪአክት አፕ ከአንድ ሺህ በላይ ፓኬጆችን ይጎትት ነበር፤ በቪት የሚከፈት ፕሮጀክት ከዚህ በብዙ ያንሳል። ኤንፒኤም አንድ ጊዜ ያወረደውን ኮምፒውተሩ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ አስቀድሞ ከተቀመጠው እንዲጠቀም ማዘዝ ይቻላል። ፒኤንፒኤም የተባለው አማራጭ ደግሞ አንዱን ፓኬጅ ለሁሉም ፕሮጀክቶች በአንድ ቅጂ ይይዛል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጭነት በግቢ ኔትዎርክ ላይ አከናውኖ ልምምዱን በቤት መቀጠል ይቻላል። መብራት ሲጠፋም ቢሆን የላፕቶፕ ባትሪ እስካለ ድረስ ፕሮጀክቱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ቱቶሪያልን አስቀድሞ መመርመር

ቪዲዮ ከመክፈት በፊት የወጣበትን ቀን ማየት የመጀመሪያው ነገር ነው፤ ግን አይበቃም። በቅርብ የተጫነ ቪዲዮ አሮጌ አሠራር ሊያስተምር ይችላል። የበለጠ የሚያስተማምነው ከቱቶሪያሉ ጋር የሚሰጠውን የኮድ ማከማቻ ከፍቶ የፓኬጆችን ስምና ቨርዥን የያዘውን ፋይል ማንበብ ነው። እዚያ ላይ የሪአክት ቨርዥን 16 ወይም 17 ከሆነ፣ ወይም የሪአክት ራውተሩ 5 ከሆነ፣ ተማሪው ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። የግድ ያንኑ ትምህርት መከተል ካስፈለገ በፋይሉ ላይ የተጻፈውን ቨርዥን በትክክል መጫን ይቻላል። ያኔ አብዛኛው ኮድ አስተማሪው እንዳሳየው ይሠራል። በዩቲዩብ ከሆነ ከቪዲዮው በታች ያሉትን አዳዲስ አስተያየቶች ማንበብም ይረዳል። የሆነ ነገር ከተሰበረ ቀድሞ የተሰናከለ ሰው ጽፎት ይገኛል።

ሁለተኛው ምርመራ የተማሪው የራሱ ነው። የሪአክት ትምህርት የአሬይ ማፕን፣ ዲስትራክቸሪንግን፣ ሞጁልንና ፕሮሚስን እንደሚታወቁ አድርጎ ይነሣል። እነዚህን ያልለየ ተማሪ የጃቫስክሪፕት ችግሩን የሪአክት ችግር ይመስለዋል፤ ከዚያም ፍሬምዎርክ እየቀያየረ ይፈልጋል፣ ችግሩ ግን አብሮት ይሄዳል።

ክፍያና የቅጂ መብት

ዩዴሚን በመሳሰሉ መድረኮች የሚሸጡ ኮርሶች በውጭ ምንዛሪ የሚከፈሉ በመሆናቸው ለአብዛኛው የኢትዮጵያ ተማሪ በቀላሉ አይደረሱም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና የብር ዋጋ ከቀነሰ በኋላ በብር ሲሰላ ዋጋቸው ይበልጥ ጨምሯል። በዚህም ምክንያት የሚሸጡ ኮርሶች ያለ ፈቃድ ተገልብጠው በቴሌግራም ሲዘዋወሩ ይታያል። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት እንዲህ ያለው ሥርጭት የባለቤቱን መብት ይጥሳል። ከሕጉ በተጨማሪ ተግባራዊ ችግርም አለው። የተገለበጠው ፋይል በተገለበጠበት ቀን ላይ ቆሞ ይቀራል፣ አስተማሪው በኋላ ያረመው ነገር አይደርስበትም። ከላይ የተጠቀሱት ነጻ ምንጮች በይዘት ከሚሸጡት ብዙም የሚያንሱ አይደሉም። ተማሪ መሆኑን ማስረዳት የሚችል ሰው ደግሞ የጊትሀብን የተማሪዎች ጥቅል በነጻ ማግኘት ይችላል።

ልምምድ

ቱቶሪያል እየተከተሉ መጻፍ የመቻል ስሜት ይሰጣል፤ ቪዲዮው ሲዘጋ ባዶ ፋይል ፊት መቀመጥ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ምዕራፍ በኋላ ቱቶሪያሉ ያላሳየውን ትንሽ ነገር መሥራት ይመከራል። ለአገር ውስጥ ተማሪ ጥሩ ልምምድ የሚሆነው የዘመን መቁጠሪያ ነው። የጃቫስክሪፕት የቀን አቆጣጠር በጎርጎርዮስ 12 ወራት ላይ የተመሠረተ ሲሆን ወራቱን የሚቆጥረው ከ0 ነው። ይሁንና በቋንቋው ውስጥ ያለው ኢንትል የተባለው ክፍል የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል። ቋንቋውን አማርኛ ማድረግ ብቻ አይበቃም፣ የቀን መቁጠሪያውም «ኢትዮፒክ» እንዲሆን በግልጽ መጠየቅ አለበት፤ አለበለዚያ የአማርኛ ስም ያለው የጎርጎርዮስ ቀን ይወጣል። ተጨማሪ ፓኬጅ ሳይወርድ ጳጉሜንን የሚያሳይ ኮምፖነንት በዚህ መንገድ መሥራት ይቻላል። አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላትን 13ኛ ወር በሰንጠረዡ ላይ በትክክል ማስቀመጥ ደግሞ ከብዙ የቱቶሪያል ፕሮጀክቶች የበለጠ ያሳስባል፣ መልሱም በቪዲዮ ተዘጋጅቶ አይጠብቅም።